የሲስተር ክዳንና የሚሊሜትር ክርክር

እኔና እሱ የተዋወቅነው በመርፌ ነው፤ የተጣላነውም በመርፌ ነው። ሌላው ሰው በሠርግ ቤት ወይም በአውቶቡስ ወረፋ ላይ ይተዋወቃል። የኔ ግን እንደዚያ አልሆነም። ዕድሌ ነው፣ ምን ላድርግ!

እኔ ነርስ ነኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ በአንዲት ጠባብ የመርፌ ክፍል ውስጥ የሰው ክንድ ስወጋ ኖሬያለሁ። ባልደረቦቼ «ሲስተር ክዳን» ይሉኛል። የተሠራበትን መርፌ መልሰው ሊከድኑ ሲሉ ባየሁ ቁጥር «ክዳኑን ተዉት! ጣታችሁን ልትወጉ ነው!» እያልኩ ስለምጮህ ነው። ይስቁብኛል፤ ይሳቁ። እኔ አንድ ጊዜ ክዳን ስመልስ ጣቴን ወግቼ፣ የበሽተኛው ሕመም ተላልፎብኝ እንደሆነ ሳላውቅ ስድስት ወር የደም ምርመራ ውጤት ጠብቄያለሁ። ውጤቱ ደህና ነበር። ስድስቱ ወር ግን ደህና አልነበረም። እናቴ እንዳታውቅብኝ የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ተደብቄ ስንት ቀን አልቅሻለሁ።

እንግዲህ አንድ ቀን ጠዋት «ቀጣይ!» ብዬ ስጣራ፣ ረጅም ወጣት ጣቱን በፋሻ ጠቅልሎ ገባ። ሰማያዊ የፋብሪካ ቱታ ለብሷል፤ ከደረት ኪሱ አጭር የብረት ማስመሪያ ብቅ ብሏል። ቁስሉ ተሰፍቶለታል፤ የቀረው የቴታነስ መርፌ ብቻ ነው።

«ይቀመጡ።»

«ብቆም ይሻለኛል።»

«መርፌ ይፈራሉ እንዴ?»

«ኧረ! ምኑ ያስፈራል?» አለና ተቀመጠ። ተቀመጠ ከማለት ወንበሩ ላይ ወደቀ ማለት ይቀላል፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

እንዳይወድቅብኝ ወሬ ማስያዝ ነበረብኝ። ሥራው ምን እንደሆነ ጠየቅኩት። በአጎቱ ፕላስቲክ ፋብሪካ ውስጥ ንድፍ እንደሚነድፍ ነገረኝ፤ ባልዲ፣ ማበጠሪያ፣ የጠርሙስ ክዳን። እሱ ይህን ሲዘረዝር እኔ ወግቼ ጨርሻለሁ።

«አለቀ?» አለ ዓይኑን ገልጦ። «ስንት ሚሊሜትር ነው የገባው?»

ሳቄ አመለጠኝ። ስንት ዓመት ስወጋ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ በልቤ ሚሊሜትር አልኩት፤ ትንሽ ቆይቶ በአፌም።

«ክዳን ይነድፋሉ አሉኝ?» ብዬ ከጋውኔ ኪስ አንድ ነገር አወጣሁ። የእስክሪብቶ ቀፎ ነው። ቆርጬ ስሪንጁ ላይ አጥልቄዋለሁ። ከወጉ በኋላ በያዙበት እጅ አውራ ጣት ወደፊት ሲገፉት መርፌውን ይሸፍነዋል፤ ሁለተኛ እጅ አያስፈልግም። ለሁለት ዓመት ስታገለው ኖሬያለሁ። ችግሩ አይቆልፍም፤ ትንሽ ሲነካ ወደ ኋላ ይንሸራተታል።

ሰውዬው ፍርሃቱን ረሳው። ማስመሪያውን አውጥቶ ለካ፣ ገለበጠ፣ እንደገና ለካ። «አንድ ጥርስ ይጎድለዋል» አለ። «ሄዶ ቀጭ ብሎ የሚነክስ፣ ነክሶም የማይለቅ ጥርስ።» የቀጠሮ ካርዱን ገልብጦ መሳል ጀመረ። እኔም ጎንበስ ብዬ አያለሁ። ስንት ጊዜ እንደቆየን እንጃ፤ በሩ ተንኳኳና አንዲት እናት ከወረፋው ላይ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ልጄ፣ እየወጋሽው ነው ወይስ እየታጫችሁ ነው?» አሉ። መተላለፊያው በሳቅ ፈረሰ። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ከሥራ ስወጣ የሆስፒታሉ አጥር ሥር ካለችው አግዳሚ ወንበር ላይ ይጠብቀኝ ጀመር። ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ይዘረጋል፣ እኔ እናገራለሁ፣ እሱ ያሰምራል። በሁለተኛው ሳምንት «እርስዎ» ማለቱን ተወ፤ እኔም ተውኩ። «ሲስተር» የሚለውን ግን ሊተው አልቻለም። «አንቺ ሲስተር» ይለኛል፤ እንዲህ ብሎ የሚጠራኝ በዓለም ላይ እሱ ብቻ ነው።

አንድ ቀን «አውራ ጣትሽን ልለካው?» አለኝ።

«ለምን?»

«መግፊያው በጣትሽ ልክ እንዲሆን ነዋ።»

ሰጠሁት። ለካ፣ ጻፈ። እንደገና ለካ። ከዚያም እንደገና።

«አምስተኛህ ነው እኮ» አልኩት።

«ለእርግጠኝነት ነው» አለ፤ ጆሮው እስኪቀላ አፈረ። ጣቴን ግን አልለቀቀም። እኔም አልነጠቅኩትም። ከፊታችን የአትክልተኛው ጋሪ እየጮኸ አለፈ።

ንድፉ ሲያልቅ አሳምሮ ገልብጦ ሰጠኝ፤ እኔም በስሜ የፈጠራ ባለቤትነት ማመልከቻ አስገባሁ። ደስታዬን ምን ልበላችሁ! በየመርፌ ክፍሉ መሣሪያዬ ስትገባ፣ እንደኔ ተደብቆ የሚያለቅስ ሰው ሲቀር ይታየኝ ነበር።

ከሁለት ወር በኋላ ከፓተንት ቢሮው ደብዳቤ መጣ። «ተመሳሳይ ንድፍ ከማመልከቻዎ አሥራ አንድ ቀን ቀድሞ ቀርቧል» ይላል። አመልካቹ የፕላስቲክ ፋብሪካው ነው። ፈጣሪ በሚለው ቦታ ላይ ደግሞ የሚሊሜትር ስም ቁጭ ብሏል።

ደሜ ፈላ። ጋውኔን ሳላወልቅ ፋብሪካው በር ላይ ደረስኩ። እየሮጠ ወጣ፤ ሲያየኝ ፈገግ ሊል ነበር።

«እንኳን ደስ ያለዎት» አልኩት።

«እርስዎ» ስለው ፈገግታው ከፊቱ ላይ ጠፋ። ደብዳቤውን አንብቦ «እኔ ይህን አላውቅም፤ በእናትሽ ስሚኝ» አለ።

«ከደብዳቤው ጋር የመጣው ንድፍ ላይ ፊርማዎ አለበት።»

«እሱማ ከንድፉ ጥግ የነዳፊው ቦታ ላይ ሁልጊዜ እፈርማለሁ! አጎቴ ነው ከጠረጴዛዬ ላይ...»

«አጎትዎን ሰላም ይበሉልኝ» ብዬ ዞርኩ። ትንሽ ቆሜ ብሰማው ኖሮ ምን ነበረበት? አልሰማሁም። ስናደድ ጆሮዬ ይዘጋል፤ ከድሮም ጀምሮ ነው።

እውነቱ፣ ኋላ እንደሰማሁት፣ እንዲህ ነበር። አጎቱ ያንን ንድፍ ከጠረጴዛው ላይ ሲያገኙ የወንድማቸው ልጅ ፈልስፎት መስሏቸው በደስታ ዘለሉ። ከሕፃንነቱ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ድንገት ሊያስደስቱት ብለው ለራሱም ሳይነግሩ በፋብሪካው ማመልከቻ ላይ ፈጣሪ አድርገው አስገቡት። ጉዱ ሲወጣ ግን መመለስ አቃታቸው። «በኔ ወረቀት፣ በኔ ጠረጴዛ፣ በኔ ልጅ እጅ የተሠራ የኔ ነው!» አሉ። ይባስ ብለው ንድፉን ለአንድ ትልቅ ኩባንያ ሊሸጡት ቃል ገብተው ነበር። ያ ኩባንያ ዕቃውን የሚያቀርበው ለሀብታም ሆስፒታሎች ብቻ ነው። እሳቸው ካሸነፉ መርፌዬ የኔ ክፍል ደጃፍ አይደርስም ማለት ነው።

ተቃውሞ አስገባሁ። የፋብሪካው ጠበቃም ክርክሩ እስኪያልቅ ድረስ ሚሊሜትር ከኔ ጋር አንድ ቃል እንዳይነጋገር አገዱት።

እናቴ የኔን ሁኔታ ስታይ ከረመችና አንድ ቀን ሽንኩርት እየላጠች «እሺ፣ መርፌሽን ወሰዱብሽ። እንዲህ ያከሳሽ ግን መርፌው ነው ልጁ?» አለችኝ።

«መርፌው ነዋ!»

«እንግዲያው መርፌ በመንገድ አይሄድም፤ ከመስኮቱ ሥር ተነሺልኝ።»

እሱን መጀመሪያ ከወጋሁት ስድስት ወር ሞላ። ሦስተኛው የቴታነስ መርፌ የሚሰጠው በስድስተኛው ወር ነው። «ቀጣይ!» አልኩ፤ ገባ። ካርዱን ዘረጋልኝ። ከጀርባው ያ የመጀመሪያው ንድፍ አለ፤ እኔ ቀኑን ብቻ እንዳየሁ ሆኜ ማህተም መታሁ።

ተቀመጠ። እጅጌውን ሰበሰበ። ፊቱ አልነጣም፣ ዓይኑን አልጨፈነም፤ ትክ ብሎ እኔን ነው የሚያየው። እኔ ጥጡን በአልኮል ነከርኩ፣ ጨመቅኩ፣ እንደገና ነከርኩ። ክንዱ ቀጥኗል። አንጀቴን በላኝ። ግን ምን እላለሁ?

ወጋሁት።

«ያማል?» አልኩ ሳላስበው።

«መርፌው አያምም» አለ።

ከዚያ ተነሥቶ ወጣ። እኔ ከሱ በኋላ የገቡትን አምስት ሰዎች እንዴት እንደወጋኋቸው አላውቅም፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

የክርክሩ ቀን ደረሰ። የፓተንት ቢሮው ከሌሎች የመንግሥት መዝገብ ቤቶች ጋር በአንድ ሕንፃ ውስጥ ነው፤ የክርክሩ ክፍል ሦስተኛ ፎቅ ላይ፤ ረጅም ጠረጴዛ፣ የውሃ ጆግ፣ የሚንቋቋ አሮጌ ማራገቢያ። ከላይ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ መርማሪ ተቀምጠዋል፤ በዕድሜ እናቴን ይበልጣሉ። ከጎናቸው ቃለ ጉባኤ የሚጽፍ ጸሐፊ አለ። በወዲያ በኩል ጠበቃውና አጎትየው፣ መሐላቸው ሚሊሜትር። አጎትየው አጭር፣ ደንዳና ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ከማሽን ጩኸት ጋር ስለኖሩ «ደህና አደራችሁ» ሲሉ እንኳን መስኮቱ ይነቃነቃል። በወዲህ በኩል እኔ ብቻዬን የእስክሪብቶ ቀፎዬን ይዤ ተቀምጫለሁ።

መርማሪዋ ወደ ሚሊሜትር ዞሩ። «ይህን መሣሪያ ያሰቡት እርስዎ ነዎት?»

ተነሣ። አጎቱን አየ፣ ከዚያ ቀጥ ብሎ ቆመ። «አይደለሁም። እኔ ያሰመርኩት መስመር ነው። ያሰበችው እሷ ናት። ጥርሱን እንኳን እኔ ብስለው፣ የት ጋ መንከስ እንዳለበት የነገረችኝ እሷ ናት። አጎቴ ቢያባርረኝም እውነቱ ይኸው ነው።»

«አትመኑት!» አሉ አጎትየው፤ ከወንበራቸው ተፈናጥረው ተነሡ። «ልጁ ፍቅር ይዞታል! እህል አልቀምስ ብሎ ይኸው እንጨት ሆኗል! በየደብተሩ ጠርዝ ላይ የሚስለው አውራ ጣቷን ነው! አውራ ጣት! ይኼ ምስክርነት ይባላል?»

የኔ ልብ ማራገቢያውን አስከንድቶ ይመታ ነበር። ጠበቃው ደንበኛቸውን በኮታቸው ጫፍ ይጎትታሉ፤ ቃሉ ግን ወጥቷል።

ጸሐፊው ጉሮሮውን ጠራረገ። «ክብርት መርማሪ፣ ‹ፍቅር ይዞታል› የሚለው በቃለ ጉባኤው ይግባ?»

መርማሪዋ መነጽራቸውን አደረጉና ሚሊሜትርን ተመለከቱት። «እውነት ነው?»

«እውነት ነው» አለ። የሚያየው ግን እኔን ነው።

«እንግዲያው ይግባ» አሉ። «ግን ጋሼ ትክክል ናቸው። የሚያፈቅር ሰው ቃል ብቻውን አይበቃኝም። መሣሪያውን አሳዩኝ።»

«እኔ ራሴ አሳያለሁ!» አሉ አጎትየው። ፋብሪካው ከንድፉ ላይ የሠራውን ናሙና አወጡ፤ ውሃ ሞሉበት፣ ጠበቃው ያመጡትን ብርቱካን ወጉ። እስከዚህ ድረስ አሪፍ ነው። ከዚያ ክዳኑን በአውራ ጣታቸው ሊገፉ ሲሉ መግፊያው የለም። መዳፋቸው ሥር ገብቷል። ስሪንጁን አዞሩ፣ ጣታቸውን አጠማዘዙ፣ ጥርሳቸውን ነከሱ፤ በመጨረሻ ውሃው ፊጭ ብሎ የጠበቃውን መነጽር አጠበው። ብርቱካኑ ተንከባሎ እኔ እግር ሥር መጣ።

«ወዲህ ይስጡኝ» አሉ መርማሪዋ። ሞከሩ፤ እሳቸውም አልቻሉም። ትንሽ አሰቡና ስሪንጁን ወደ ሌላኛው እጃቸው አዛወሩት። ቀጭ! ክዳኑ ሄዶ ቆለፈ።

«ጋሼ፣ በየትኛው እጅዎ ነው የሚጽፉት?»

«በቀኜ ነዋ!»

«ልጁስ?»

«እሱም በቀኙ።»

«ይህን ያሰበ ሰው ግራኝ ነው» አሉ መርማሪዋ ዙሪያውን እያዩ። «እዚህ ክፍል ውስጥ ግራኝ ማን ነው?»

እጄን አወጣሁ። የግራ እጄን ነዋ፣ ሌላ ምን አወጣለሁ!

አዎ፣ ግራኝ ነኝ። እስካሁን ለናንተም አልነገርኳችሁም። ምን ላድርግ፣ ለራሴም ትዝ አይለኝም። ያ የሚሊሜትር አሥረኛ የማያመልጠው ሰው ጣቴን አምስት ጊዜ ሲለካ የየትኛው እጅ እንደሆነ አንድም ቀን አላሰበም። ሁለታችንም ስንት ወር ደክመን የሠራነው ለግራኝ ብቻ የሚሆን መሣሪያ ኖሯል! ቀና ብዬ ሳየው እሱም ገብቶታል፤ አፉን በእጁ ሸፍኖ ትከሻው ይርገፈገፋል። እኔም አልቻልኩም። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ በዚያ ሁሉ ጭንቀት መሐል፣ ሁለታችንም እንባችን እስኪወርድ ሳቅን።

መርማሪዋ ሳቃችን እስኪያልቅ ጠብቀው «ሐሳቡ የሷ ለመሆኑ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አልፈልግም፤ የፋብሪካው ማመልከቻ ውድቅ ነው» አሉ። «ግን ልጄ፣ አብዛኛው ነርስ ቀኝ እጁን ነው የሚጠቀመው። በሁለቱም እጅ የሚሠራ አድርጋችሁ አዲስ ማመልከቻ ይዛችሁ ኑ።»

«አድርጋችሁ» ነው ያሉት። እኔ ሰምቻለሁ፤ እሱም ሰምቷል።

ደረጃው ላይ ደረሰብኝ። ጎን ለጎን ወረድን፤ አንዱን ፎቅ ጨርሰን ሁለተኛው ላይ ስንደርስ ነው የተናገርኩት።

«አውራ ጣት ነው የምትስለው?»

«ፊት መሳል አልተማርኩም» አለ። «ብችልማ ፊትሽን እስል ነበር።»

«ለምን ወደ ቤት መጥተህ አልነገርከኝም? ጠበቃውን ፈርተህ ነው?»

«ጠበቃውን አይደለም። አሳዳጊዬን በስውር ከድቼ አንቺ ጋ ብመጣ፣ አንቺስ ታምኚኝ ነበር? እሱ ባለበት ፊት ለፊት ልናገር ብዬ ነው የቻልኩት። ያቺን የሦስተኛውን መርፌ ቀን ግን...»

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አልኩት። «ቆሜ አልሰማሁህም። እወድሃለሁ፤ ያን ቀን ፋብሪካው በር ላይም እየወደድኩህ ነው የተሳደብኩት።»

«ያን ቀን ሰደብሽኝ እንዴ?»

«‹እርስዎ› አልኩህ አይደል!»

«አዎ» አለ፤ «እሱስ ከስድብ ይብሳል።»

አጎትየው አኮረፉ። ሚሊሜትርም የንድፍ ሰሌዳውን ተሸክሞ ወደ እናቴ ቤት መጣና የምግብ ጠረጴዛዋን ወረሰ። እናቴ ሳህን በጉልበቷ ላይ አስቀምጣ እየበላች «ይኼ ጠረጴዛ ሲመለስልኝ ጥሩኝ» ትለናለች፤ ግን ቁራሽ ስታጎርሰው እሱን ነው የምታስቀድመው። ብዙ ሞከርን፣ ብዙ ጣልን። በመጨረሻ መግፊያውን በአንድ ጎን ማድረጉን ትቶ ዙሪያውን እንደ ሸሚዝ አንገትጌ ክብ አደረገው። በግራም ይዘው፣ በቀኝም ይዘው፣ አውራ ጣት ያገኘዋል። እናቴ በቀኟ ሞከረችው፤ እኔ በግራዬ። ቀጭ! ቀጭ! ይህን ያሰበው እሱ ነው፤ ስለዚህ ማመልከቻው በሁለታችን ስም ካልሆነ አልፈርምም አልኩ።

በአራተኛው ሳምንት አጎትየው እናቴ በር ላይ ቆመው ተገኙ። «ልጄ፣ አጥፍቻለሁ» አሉኝ፤ ጎረቤቱ ሁሉ ሰማ። የኩባንያውን ነገር ሰርዘውታል። ፋብሪካቸው የመጀመሪያውን ምርት ለኛ ሆስፒታል ሊሠራ ዝግጁ ነው፤ «ከፈቀዳችሁ» የሚለውን ቃል ሲጨምሩ ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቅ አለ።

የምስክር ወረቀቱ በሁለታችን ስም የተሰጠ ዕለት አጎትየውን ጨምረን ሦስታችንም ቢሮው ሄድን። ያ ቃለ ጉባኤ የሚጽፈው ጸሐፊ መዝገቡን ዘርግቶ አነበበልን።

«መብቱ የጋራችሁ ነው። አንዳችሁ ያለ ሌላችሁ ስምምነት ለማንም አሳልፋችሁ መስጠት አትችሉም። ፈርሙ።»

«ለስንት ጊዜ ነው?» አለ ሚሊሜትር።

«ማመልከቻው ከቀረበበት ቀን አንሥቶ ለሃያ ዓመት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ያበቃል።»

«አይታደስም?»

«አይታደስም።»

ሚሊሜትር እስክሪብቶውን አስቀመጠ። እኔ ደነገጥኩ። «ምነው? ምን ሆንክ?»

«ሃያ ዓመት ያንሳል» አለ።

«ለመርፌው ይበቃል እኮ።»

«ለመርፌውማ ይበቃል» አለና አየኝ። ሌላ ቃል አፉ ላይ አለ፤ ጆሮው ቀልቷል፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ቃሉ ግን አልወጣም። ሲለካ ሊመሽ ነው! እኔ ደግሞ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም።

ወደ ጸሐፊው ዞርኩ። «ወንድሜ፣ የጊዜ ገደብ የሌለውን ውል የሚያስመዘግቡት የትኛው ክፍል ነው?»

ጸሐፊው ከመዝገቡ ቀና እንኳን አላለም። «ጋብቻ ምድር ቤት ነው። ምስክር ይዛችሁ ግቡ።»

«እኔ አለሁ!» አሉ አጎትየው። ከላይኛው ፎቅ ሳይቀር ሰው በመስኮት ብቅ ብቅ አለ።

«አንተስ?» አልኩት ሚሊሜትርን። ድምፄ ተንቀጠቀጠ፤ በስድስት ዓመት ውስጥ መርፌ ይዤ እንኳን እንዲያ ተንቀጥቅጬ አላውቅም።

«እሺ» አለ። «እሺ... እሺ፣ እሺ!» ያ ሁሉን ነገር ለክቶ የሚናገር ሰው፣ ደረጃውን ወርደን እስክንጨርስ «እሺ» ማለቱን አላቆመም።